ሠራዊትና ስንቁ፤ ከአረርቲ አውድማ ሲታይ

ስለ አገራችን የጦር ክፍሎች የተጻፈውን ባገላበጥን ቁጥር አንድ ነገር ይገርመናል። የአዛዡ ስም አለ፤ ውጊያው የተደረገበት ቦታና ቀን አለ፤ የተማረከው መድፍ ብዛት ሳይቀር አለ። የበሉት ግን የለም። ጦሩ ከሰማይ ወርዶ፣ ተዋግቶ፣ ተመልሶ ወደ ሰማይ ያረገ ይመስላል።

እኛ ደግሞ የአረርቲ ልጆች ነንና ይህ ነገር እንዲሁ አያልፈንም። የምንጃር ጤፍና ሽምብራ በሚወቃበት አውድማ ዳር ያደገ ሰው ብዙ ሕዝብ ተሰበሰበ ሲባል ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ለመሆኑ ማን አበላው?» ብሎ ነው። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት አገር ቤት በገባን ጊዜ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችንን፣ «እማማ፣ ያኔ በዚህ ያለፈው ጦር የትኛው ክፍል ነበር?» ብለን ጠየቅናቸው። «ክፍሉን እንጃ ልጆቼ» አሉን፤ «እኔ የማውቀው ሁለት አቁማዳ በሶ ይዞብኝ መሄዱን ነው።» ሳቅን። ኋላ ግን ስናስበው መልሱ የሚያስቅ ሆኖ አላገኘነውም። እማማ የነገሩን እኛ ከመጻሕፍት ያጣነውን ግማሹን ታሪክ ነበር።

በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው እንዲህ ነው፦ የአንድን የጦር ክፍል ጠባይ ለማወቅ የፈለገ ሰው ከሰንደቁ በፊት ጎተራውን ይመልከት። ማን እንደሚያበላው ካወቅን ለማን እንደሚታመን፣ በማን ላይ እንደሚከብድ፣ አንድ ቀንም በማን ላይ እንደሚነሣ መገመት አያቅተንም።

፩. ጨዋ፣ ጋሻና ግንደበል

በመካከለኛው ዘመን የንጉሥ ጦር «ጨዋ» ይባል ነበር። ዛሬ ጨዋ ስንል ትሑትና ምግባረ ሸጋ ሰው ማለታችን ነው፤ ያን ጊዜ ግን ንጉሡ በየጠረፉ የሚያሰፍረው ወታደር ነበር። ደብረ ብርሃንን መናገሻው ያደረገው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) ጨዎችን በየአገሩ አሰፈረ። ከነዚህ ክፍሎች አንዱ ጃን አሞራ ነበር፤ ስሙ እስከ ዛሬ በሰሜን የወረዳ ስም ሆኖ ቀርቷል። ጨዋውን የሚያበላው በሰፈረበት አገር ያለ ገበሬ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የክፍሉ ስም ምድሪቱ ላይ ታትሞ ሲቀር፣ ያበላው ገበሬ ስም የትም የለም።

ወደ ሸዋ እንምጣ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ላይ ሁለት ዓይነት ጦር ነበር። አንደኛው በንጉሡ ዙሪያ ያለው ነፍጠኛ ነው፤ ጠበንጃው የንጉሡ፣ ቀለቡም ከንጉሡ ጎተራ። ሁለተኛው ጦርና ጋሻውን ይዞ፣ ስንቁን በገዛ አህያው ጭኖ የሚከተት ባላገር ነው። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ የመጣው ሀሪስ ይህን ጦር በዓይኑ አይቶ ጽፏል። ነፍጠኛው ጥቂት፣ ባላገሩ እጅግ ብዙ ነበር። ንጉሡ የሚተማመነው በጥቂቱ ነው፤ ምክንያቱም ያ ጥቂት ከእጁ የሚበላ ነበር። ባላገሩ ግን የሚበላው ከራሱ ነውና፣ ስንቁ ሲያልቅ ዘመቻውም ያልቅበታል፤ እርሻው ሲደርስ ልቡ ወደ ቤቱ ነው።

ቋንቋችን ራሱ ይህን ምስጢር ይዞታል። «ጋሻ» ምንድን ነው? አንድም ወታደር ጦር የሚመክትበት ነው፤ አንድም የመሬት ልክ ነው፤ ወደ 40 ሄክታር ይጠጋል። የጦር ዕቃና የእርሻ መሬት በአንድ ስም መጠራታቸው እንዲያው የመጣ አይደለም። አንድ ጋሻ ጦር የሚቆመው በአንድ ጋሻ መሬት ላይ ነው።

የጦሩ ሥርዓት በማዕረግ ስሞች ውስጥ ይታያል። ፊታውራሪ በፊት፣ ቀኝአዝማች በቀኝ፣ ግራአዝማች በግራ፣ ማሀል ሰፋሪ በመካከል በንጉሡ ዙሪያ። እነዚህን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ግንደበልንስ ስንቶቻችን እናውቃለን? ግንደበል ማለት መሬት ተሰጥቶት በመሬቱ ፈንታ በዘመቻ ጊዜ የንጉሡን ድንኳንና ስንቅ በከብቱ የሚያጓጉዝ ሰው ነው። ከሱ ኋላ ደግሞ ማድጋ ያዘሉ፣ እንጀራ የሚጋግሩ፣ ጠጅ የሚጥሉ ሴቶች አሉ። ፊታውራሪው ሲሞት ይገጠምለታል፤ የግንደበሉ አህያ ገደል ብትገባ ግን ኪሳራው የራሱ ነው። እኛ ግን ግንደበልም እንደ ሌላው ሁሉ የጦር ክፍል ነው እንላለን።

፪. የአድዋው ሒሳብ

በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ታወጀ፤ የሸዋም ጦር በወረኢሉ በኩል ወደ ሰሜን ተነሣ። ስለ ፊታውራሪ ገበየሁ ጀግንነት፣ ስለ በጅሮንድ ባልቻ መድፈኞች፣ ስለ ራስ መኰንን ጦር ብዙ ተብሏል፤ ይባልም ዘንድ ይገባል። እኛ እዚህ የምናቀርበው ግን ቀላል የሒሳብ ጥያቄ ነው።

በአድዋ የተሰለፈው ጦራችን ወደ 100,000 ይገመታል። አንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ብቻ ይብላ እንበል። በቀን 500 ኩንታል ያስፈልጋል ማለት ነው። አንዲት አህያ ግማሽ ኩንታል ብትጭን፣ የአንድ ቀን ቀለብ ብቻ 1,000 አህያ ይሻል። ዘመቻው ደግሞ ከጥቅምት እስከ የካቲት አምስት ወር ገደማ ፈጀ። አህያዋም ትበላለች፤ በቅሎውም ይበላል፤ ጦሩን የተከተለው ሴቱና ሕፃኑም ይበላል። ይህን ሁሉ እህል ቆልቶ፣ ፈጭቶ፣ በሶ አድርጎ፣ እንጀራውን በፀሐይ አድርቆ ድርቆሽ ያደረገው ማነው? እንደምናውቀው ሴቶቹ ናቸው።

የያዘው ስንቅ ሲያልቅ ጦሩ ባለፈበት አገር ይበላል። ያን ጊዜ የትግራይ ገበሬ ከክፉ ቀን ገና ያላገገመ ነበር፤ ቢሆንም ከተረፈችው ቋት ላይ የሁለት ወገን ጦር ሰፈረባት። በየካቲት ወር የእኛም ሰፈር፣ የጣልያኑም ሰፈር ስንቅ ሊያልቅበት ተቃርቦ ነበር። የጣልያኑ አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ ወይ ወደፊት ወይ ወደ ኋላ ማለት ግድ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ድሉ የጀግኖቹ ነው፤ ግን ደግሞ ከጠላት አንድ ሳምንት አብልጦ መሰንበት የቻለ የስንቅ ድልም ነው።

ቀደም ሲል በመቀሌ የተደረገውም የሚታወስ ነው። በምሽጉ የተከበበውን ጠላት እጅ ያሰጠው በእቴጌ ጣይቱ ምክር የተያዘው የውሃ ምንጭ ነበር። ይህችን የውሃ ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

፫. የበላውም እኛ፣ ያበላውም እኛ

እዚህ ላይ ራሳችንንም መመርመር አለብን። በሰላም ጊዜ ወታደሩ የት ነበር የሚያድረው? በባላገሩ ቤት ነበር። ተመሪ ሆኖ ይመጣል፤ ምድጃው አጠገብ ይቀመጣል፤ ብላ ሳይሉት ይበላል። ባለቤቲቱ ለልጆቿ ያስቀመጠችው ሁሉ የሱ ነው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታታይ የወረደው ክፉ ቀን ከብቱንና ሰውን ከጨረሰ በኋላ ይህ ነገር ፈጽሞ የማይቻል ሆነ። ዐፄ ምኒልክም ወታደሩ ከባላገር ቤት ገብቶ መብላቱ እንዲቀር፣ በምትኩ ባላገሩ ከምርቱ አሥራት እንዲያወጣ ደነገጉ። ለባላገሩ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ከአሥር አንዱን ሰጥቶ በገዛ ምድጃው ላይ ጌታ ሆነ።

ታዲያ ያው የሸዋ ሰው ወደ ደቡብ ዘምቶ ሲሰፍር ምን አደረገ? ነፍጠኛ ተባለ፤ ገባር ተቆጠረለት። በሸዋ «ወታደር ቤቴን በላው» እያለ ያለቀሰው ሰው፣ እዚያ የሌላውን ቤት የሚበላ ሆነ። ገባሩም እህሉን ከማምጣቱ ሌላ ማገዶውን ለቅሞ፣ አጥሩን አጥሮ፣ እህሉን ፈጭቶ ያድር ነበር። ይህን መጻፍ ለእኛ ለሸዋ ልጆች ደስ አይልም። ሆኖም ስለ እማማ ሁለት አቁማዳ በሶ የምንቆረቆር ከሆነ፣ ስለዚያ ገባር አቁማዳ ዝም ማለት አይገባንም። አለዚያ ታሪክ ሳይሆን የቤተ ዘመድ ሙሾ ይሆንብናል።

፬. ከማይጨው እስከ ዘረት ዋሻ

ክቡር ዘበኛ በአገራችን በዘመናዊ ሥርዓት የሠለጠነ የመጀመሪያው ትልቅ ክፍል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1922 ዓ.ም. ገደማ የቤልጅግ መኰንኖች መጥተው አሠለጠኑት። መለዮ ነበረው፤ የጦር ሰፈር ነበረው፤ ከሁሉ በላይ ደመወዝ ነበረው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ይህ ክፍል ብርቱ ውጊያ አደረገ። ግን ከጎኑ የተሰለፈው አብዛኛው ጦር ያው እንደ ጥንቱ የገዛ በሶውን ይዞ የመጣ ባላገር ነበር። ንጉሡ ሲሸሹ የተበተነው ባላገር ወደ አገሩ ገባ፤ ጥቂት ሳይቆይ ደግሞ አርበኛ ሆነ።

ቀድሞ የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥ የነበሩት አበበ አረጋይ አምስቱን ዓመት በሰሜን ሸዋ በረሃና ገደል ሲዋጉ ኖሩ። የአርበኛ ጦር ደመወዝ የለው፣ መጋዘን የለው። ጎተራው የገበሬው ቤት ነው። ጠላትም ይህን አውቆት ነበርና አርበኛውን ማግኘት ሲያቅተው ጎተራውን ያቃጥል ጀመር። በከተማም «የውስጥ አርበኞች» የሚባሉት ነበሩ። እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉት ወሬውን፣ ጥይቱን፣ የቁስል ማሰሪያውን ወደ በረሃ ያሾልኩ ነበር። ይህም ራሱን የቻለ የጦር ክፍል ነው፤ መለዮው ግን ነጠላ ነበር።

በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በዘረት ዋሻ የሆነውን ስናነብ ጽሑፋችንን አቁመን ነበር። ዘረት ከአረርቲ ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ምድር ነው። በዋሻው የተጠለሉት የአበበ አረጋይ ጦር ጓዝ ነበሩ። ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶች፣ ሕፃናት፣ ስንቅ ጠባቂዎች። የጣልያን ጦር ዋሻውን ከቦ የመርዝ ጋዝ ለቀቀበት፤ እጃቸውን ሰጥተው የወጡትን ወንዶች ደግሞ ረሸናቸው። ይህ ነገር በጥናት ተጣርቶ ለዓለም የታወቀው ከስልሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ለምን ይህን ያህል ቆየ? የጦር ታሪክ የሚጻፈው ስለ ግንባሩ እንጂ ስለ ጓዙ ስላልሆነ ነው ብለን እናምናለን። ጠላት እንኳ ጓዙ ከጦሩ አንድ ክፍል መሆኑን ተረድቶ ሳለ፣ እኛ አልተረዳንም።

፭. ደመወዝ፣ ሰልፍና የነገሌ ውሃ

ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። ገባርነት በሕግ ቀረ፤ ግብር በገንዘብ ሆነ፤ ወታደሩም በየወሩ ደመወዝተኛ ሆነ። በመጀመሪያ እንግሊዞች፣ ከ1945 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አሜሪካኖች አሠለጠኑት፤ አስታጠቁት። ክቡር ዘበኛ አዲስ አበባ፣ ሁለተኛው ክፍለ ጦር አሥመራ፣ ሦስተኛው ሐረር፣ አራተኛው ደግሞ ዋና መሥሪያ ቤቱን አዲስ አበባ አድርጎ እስከ ደቡብ ጠረፍ ተዘረጋ።

በ1943 ዓ.ም. ከክቡር ዘበኛ ተመርጦ ወደ ኮርያ የሄደው ቃኘው ሻለቃ በራስ መኰንን የፈረስ ስም የተጠራ ነው። ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ፣ በጦርነቱ ዘመን ተራ በተራ የተላኩት ሻለቆች 121 ሰው ሲሞትባቸው 536 ቆስሎባቸዋል፤ አንድም ሰው አልተማረከባቸውም። ይህ የሚያኮራ ነው። ስንቁና ትጥቁ ግን ከአሜሪካ መጋዘን ነበር። የጦራችን ጎተራ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር የተሻገረው ያኔ ነው ማለት ይቻላል።

ደመወዝ መምጣቱ ገበሬውን ከተመሪ አዳነው፤ በጦር ክፍሎች መካከል ግን አዲስ ቅናት አመጣ። ክቡር ዘበኛ ከሌላው ጦር የተሻለ ልብስ፣ የተሻለ ኑሮ ነበረው። እንደ ጥንቱ ነፍጠኛ ከንጉሡ እጅ የሚበላ ክፍል ነውና ማንም አይጠረጥረውም። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግን በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ አዛዥነት በንጉሡ ላይ የተነሣው ይኸው ክፍል ሆነ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ሌላው የምድር ጦርና አየር ኃይሉ ግን በንጉሡ ወገን ቆመው ሙከራውን አከሸፉት። አምስት ዓመት በዱር በገደል የተዋጉት ራስ አበበ አረጋይ የተገደሉት ያን ጊዜ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከታሰሩት መኳንንት ጋር ነው። ስድስት ኪሎ ግቢ የምንመላለስ ሁሉ በዚያ ደጃፍ እናልፋለን፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያለበት ሕንፃ ነው። ንጉሡን ያዳነው ጦርም ዓመቱ ሳያልቅ ወደ ቤተ መንግሥት ሄዶ የደመወዝ ጭማሪ ጠየቀ፤ ተጨመረለትም። ከዚያ ወዲህ ዋጋውን ያወቀ ጦር ሆነ።

አሁን ወደ ውሃዋ እንመለስ። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የአራተኛው ክፍለ ጦር ወታደሮች አመፁ። ምክንያቱ የፖለቲካ ፕሮግራም አልነበረም። ምግቡ አይበላም፤ የውሃው መሳቢያ ተበላሽቷል፤ ከመኰንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከልክለዋል። ነገሩን እንዲያጣሩ የተላኩትን ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው ከነሱ ምግብ እንዲበሉ፣ ከነሱ ውሃ እንዲጠጡ አደረጓቸው። (ይህን ሲያነብ የምግብ ቤቱ ወጥ ትዝ ያላላው ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ።) የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ አይደለምን? በመቀሌ ከጠላት ውሃ በመያዝ ያሸነፈ መንግሥት፣ ሰባ ስምንት ዓመት ቆይቶ የገዛ ወታደሩን ውሃ ነፈገ። በየካቲት አሥመራ ያለው ሁለተኛው ክፍለ ጦር ተከተለ፤ ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ከየክፍሉ የተወከሉት በአራተኛው ክፍለ ጦር ግቢ ተሰበሰቡ። ደርግ ማለት እነሱ ናቸው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ወረዱ።

፮. ልጁም በኮታ፣ ጤፉም በኮታ

ሶማልያ በወረረችን ጊዜ፣ በ1969 ዓ.ም.፣ ከየገጠሩ የመጣው ገበሬ ታጠቅ በተባለው ሰፈር ሠልጥኖ ሚሊሺያ ተባለ። በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ እናቶች በሶ ፈጩ፤ ዳቦ ቆሎ ቆሉ፤ ድርቆሽ አደረቁ። ጥንት ለአድዋ የተዘጋጀው ስንቅ፣ ያው ራሱ። ካራማራ ላይ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ለተገኘው ድል መደበኛው ጦርና የኩባ ወታደሮች ብቻ ሳይሆኑ፣ ከእርፉ ተነሥቶ የሄደው ሚሊሺያም ድርሻ አለው። አገር ተወርሮ ነበርና ገበሬው የሰጠው ወድዶ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ሌላ ነው። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። ወጣቱ በኮታ ይጠራል፤ ኮታው ካልሞላ በአፈሳ ይሞላል። በዚያው ዘመን ገበሬው ጤፉን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተወሰነ ዋጋ በኮታ ያስረክብ ነበር። እንደ ምንጃር ያለ እህል የሚያተርፍ አገር ይህን በደንብ ያውቀዋል። እንግዲህ ከአንድ ቤት ልጁም በኮታ ሄደ፣ ጤፉም በኮታ ሄደ። ልጁ በሰሜን ግንባር የሚበላው ምናልባት የአባቱን ጤፍ ሊሆን ይችላል፤ አባቱ ግን ወድዶ አላበላውም። የእህሉ ኮታ በ1982 ዓ.ም. ተነሣ፤ ጊዜው ግን አልፎ ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ያ በአፍሪካ ከታላላቆቹ የሚቆጠር ሠራዊት ተበተነ። የተበተነው ወታደር በየመንገዱ እንጀራ ሲለምን፣ የሰጠው ያው ገበሬ ነው። ይህን ደግሞ የትኛው መጽሐፍ ይጻፈው?

እንግዲህ እንጠቅልለው። ጨዋ፣ ማሀል ሰፋሪ፣ ነፍጠኛ፣ ክቡር ዘበኛ፣ ክፍለ ጦር፣ ሚሊሺያ እያልን የቆጠርናቸው ክፍሎች ሁሉ አንድ ያልተቆጠረ ክፍል ነበራቸው። ይህ ክፍል አዛዥ የለው፣ ቁጥር የለው፣ ኒሻን የለው። አርሶ የሚያመርት፣ ፈጭቶ የሚጋግር፣ ጭኖ የሚነዳ ነው። ይህ ክፍል ወድዶ ባበላ ጊዜ ጦሩ አሸንፏል፤ ተገድዶ ባበላ ጊዜ ጦሩ ውሎ አድሮ ፈርሷል። በልቶ ያደረውን ወታደር ብቻ እያየን ያበላውን ካላየን የታሪክ ተማሪዎች ነን ማለታችን ከንቱ ነው።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትገቡ ደብተር ያዙ። ሽማግሌውን «የት ተዋጋህ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ በኋላ አታቁሙ፤ ወደ ጓዳ ግቡና አሮጊቷን «ምን ሰነቁለት?» ብላችሁ ጠይቁ። ስንት ቁና እንደ ሆነ፣ በማን አህያ እንደ ተጫነ፣ አህያዋ ተመልሳ እንደ ሆነ ጻፉ። እኛም እማማን ዳግመኛ ልንጠይቃቸው ቀጠሮ ይዘናል። የዚያ ሁለት አቁማዳ ዋጋ ተከፍሏቸው እንደ ሆነ ሳንጠይቃቸው ነበር የመጣነው።